የቀዮቹ ነቀዞች ብልቃጥ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ለርቀት ትምህርት ስመዘገብ፣ ቅጹ ላይ «የቀድሞ ሥራ» የሚል ክፍት ቦታ አገኘሁ። ብዙ ሳላስብ «ነቀዝ አርቢ» ብዬ ጻፍኩ። መዝጋቢዋ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ ነቀዝ አጥፊ ለማለት ነው?»

«አይደለም ልጄ፣ አርቢ ነው።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ወጣቶች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የሥነ ሕይወት መምህራችን ይህን ከሰው ሰምተው ኖሮ በመጀመሪያው ወር «የሥራ ዘመንዎን ጽፈው ያምጡልን፤ ያማረውን ብቻ ግን አይምረጡ» አሉኝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የታዘዘውን መፈጸም አለበትና እንዳሉኝ ለማድረግ እሞክራለሁ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት በመንግሥት ሥራ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ መካነ ሰላም፣ ቀጥሎ ደሴ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ። ከአለቆቼ አንዱ ጫማዬ መጠረጉን ሳያይ ሰላም አይለኝም ነበር። ሌላው ስምንት ዓመት አብረን ሠርተን «አለማየሁ» እያለ እንደጠራኝ ጡረታ ወጣ፤ ስሜ አያሌው ነው። ደመወዜ ቤት አቆመልኝ፣ ልጆች አስተማረልኝ፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። የምጽፈው ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ በተለይም ስለ ረሃቡና ስለ አብዮቱ ጊዜ ነው። ሙያዬን የተማርኩትም፣ ያበላሸሁትም ያኔ ነው።

አባቴ ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የሚገኝ የገጠር ደብር ቄስ ነበሩ። እኔ ዳዊት ከደገምኩ በኋላ አስኳላ ገብቼ ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ። በዚያው ሰሞን ከከተማው ዳር በተከራየ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ትንሽ የእህል ተባይ ጥናት ጣቢያ ተከፈተና ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ጣቢያው ሁለት ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ የላምባ ምድጃ ነበረው። የሚመሩት ዶክተር ወንድይፍራው የሚባሉ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ አዲስ አበባ መቀመጥ ይችሉ ነበር። እኛ ዘንድ የመጡት ለነቀዝ ሲሉ ነው። በዚያ አገር ደጋውና የዓባይ ቆላ በአንድ ቀን መንገድ ይገናኛሉ፤ የሁለቱም ጎተራ ነቀዝ አለው። እሳቸው የሚያጠኑት ግን ነቀዙን ብቻ ሳይሆን በነቀዙ ሆድ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ብለው አስረዱኝ።

«አያሌው፣ ዓመቱን ሙሉ ስንዴ ብቻ ብትበላ ምን ትሆናለህ?»

«እከሳለሁ ጋሼ።»

«ነቀዝ ለምን አይከሳም?»

ራሳቸው መለሱት።

«ወጥ ሠሪ ስላለችው ነው። እሱ ደረቁን እህል ይበላል፤ ባክቴሪያዋ የጎደለውን ሆዱ ውስጥ ሆና ትሠራለታለች። እናቲቱ እንቁላል ስትጥል ወጥ ሠሪዋንም ለልጇ በእንቁላሉ ታወርሳለች። እንዲህ እየተዋረሱ የኖሩት ሰው ስንዴ መዝራት ከመጀመሩ በፊት ጀምሮ ነው።» ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጠረጉ። «እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን መጀመሪያ እንዴት ተገናኙ የሚለው ነው። አንድ ዘመን የማንም ያልሆነች ባክቴሪያ ነበረች። አንድ ዘመን ብቻውን የሚኖር ነቀዝ ነበረ። በየት በኩል ገባች?»

ይህ ጥያቄ የሕይወታቸው ጥያቄ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ለዚህ ብለው ሁለት ዘር ያረቡ ነበር። አንደኛው ማንም ገበሬ የሚያውቀው ጥቁር ነቀዝ ነው። ሁለተኛውን እሳቸው ራሳቸው አወጡት። ጥቁሮቹን ፋኖስ በሚበራበት ሣጥን ውስጥ፣ ሞቃትና እርጥበት ባለው አየር ከአንድ ወር በላይ አቆዩአቸው። ያንን ሙቀት ነቀዙ ይችለዋል፣ ባክቴሪያዋ አትችለውም። ከዚያ የተወለዱት ልጆች ያለ ወጥ ሠሪ ቀሩ። መልካቸው ቀላ ያለ፣ ቅርፊታቸው ለስላሳ፣ እርምጃቸው የዘገየ ሆነ። «ቀዮቹ» እንላቸው ነበር። በስድስት ብልቃጥ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጥቁር ሳይቀላቀልባቸው ኖሩ።

የጋሼን አሠራር ዛሬም እጄ ያስታውሰዋል። ጠዋት ቀዮቹን፣ ከሰዓት በኋላ ጥቁሮቹን ነው የምንነካው፤ ከጥቁር ወደ ቀይ በአንድ ቀን መመለስ ክልክል ነበር። የብልቃጡን አፍ በሻሽ ሸፍነን በክር ሁለት ጊዜ እንጠመጥማለን። እጩን፣ ገና ትል የሆነውን ነቀዝ፣ ከስንዴው ፍሬ ውስጥ የምናወጣው የሸምበቆ እጀታ በተገጠመላቸው ሁለት የልብስ መርፌዎች ነው። ከአንጀቱ መነሻ ላይ ነጣ ያለች፣ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ነገር አለች፤ ባክቴሪያዋ የምትኖረው እዚያ ነው። እሷን ሳልበጥስ ለማውጣት አምስት ወር ፈጀብኝ። ጋሼ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡም። በበጠስኩ ቁጥር «ሌላ» ይሉኛል፣ ሌላ አነሣለሁ።

ላጲስ ጣቢያው ውስጥ አይገባም። መዝገብ የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ የተሳሳተ ነገር ግን አይጠፋም፣ አንድ መስመር ይሰመርበትና እውነተኛው ከላዩ ይጻፋል። «የተሳሳትንበትም ሥራ ነው» ይሉ ነበር።

ስለ ስንዴውም ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ በሱ ነው የመጣው። እንስቷ ነቀዝ የስንዴውን ፍሬ ትበሳና አንድ እንቁላል ጥላ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ፍሬው ሲያዩት ደህና ነው። ስለዚህ ለቀዮቹ የሚሰጥ ስንዴ አስቀድሞ በቆርቆሮ ተደርጎ በላምባው ምድጃ ላይ እጅ እስከማያስችል ድረስ ይሞቃል። የሞቀው ስንዴ ለብቻው፣ ክዳን ባለው በርሜል ይቀመጣል።

በረሃቡ ዓመት የበልጉ ዝናብ እኛም ዘንድ ሳይመጣ ቀረ። ከምሥራቅ በኩል የሚመጣው ሰው በከተማው እያለፈ ወደ ምዕራብ ይወርድ ነበር፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ጋሼ የማይክሮስኮፕ ማቅለሚያና መስተዋት ለማምጣት አዲስ አበባ ሄደው ሁለት ወር ቆዩ። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር።

የጣቢያውን ግቢ የምትጠርገው እት አረጋሽ የምትባል ባልቴት ነበረች። የራሷ ሁለት፣ ከደጎሎ የመጡ የወንድሟ ሦስት፣ በጠቅላላው አምስት ልጆች ቤቷ ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መጣች።

«አያሌው፣ ለማኝ አይደለሁም። አበድረኝ።»

«እትዬ፣ ምን አለኝና?»

«በርሜሉ ውስጥ ያለው።»

«እሱ እኮ የኔ አይደለም። የነቀዞቹ ነው።»

«ነቀዝ የኔን ጎተራ ስንት ዘመን በላ። አንድ ጊዜ አበድሪኝ ብሎኝ ያውቃል? እኔ ደግሞ ጠይቄ ነው የምበላው፣ ወላሂ።»

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። ሁለት ቁና የሞቀ ስንዴ ሰፍሬ ሰጠኋት። ልጆቹ ንፍሮ እየተደረገላቸው ዘጠኝ ቀን በሉት። በአሥረኛው ቀን የእርዳታ እህል ደረሰ።

ድርሻዋን በተቀበለች ማግሥት እት አረጋሽ ሁለት ቁና ስንዴ ተሸክማ መጣች። ቁናው በቁልል ነበር።

«ኧረ ይቅር እትዬ» አልኳት። «ለልጆቹ ይሁን።»

«ልጆቼ በብድር ያደጉ ናቸው እንዲባል ትሻለህ? ብድር በምድር ነው። በል ገልብጠው።»

ገለበጥኩት። እምቢ ብላት ብድሯን ከልመና እንደቆጠርኩባት ይሆን ነበር። በእኛ አገር እህል የተበደረ ሰው ያንኑ ፍሬ አይመልስም፤ ቁና ለቁና ከመለሰ ያው እህል ነው፣ በሁለቱ መካከል ምንም የቀረ ነገር የለም። እኔም ከልጅነቴ የማውቀው ይህንኑ ስለነበር ከበርሜሉ አንድ ነገር የጎደለ አልመሰለኝም። መዝገብ ላይም አልጻፍኩትም።

ላምባ ያኔ ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ስንዴውን ለማሞቅ አልቻልኩም። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ፤ በወንፊት ነፋሁት፣ ውኃ ውስጥ ጨምሬ የተንሳፈፈውን ለቅሜ ጣልኩ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አንድም ነቀዝ አላየሁም። የቀዮቹ ምግብ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ከሱ ሰጠኋቸውና መዝገቡ ላይ እንደወትሮው «የሞቀ ስንዴ ተጨመረ» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሼ ተመለሱ። ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ከውስጠኛው ክፍል ጠሩኝ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር።

«ና እስቲ እይ። የማየውን አንተም ካላየኸው አላምንም።»

በሦስተኛው ብልቃጥ ውስጥ በቀዮቹ መሃል ጥቁር ነቀዞች ይሄዱ ነበር። ደህና ጠንካሮች፣ ፈጣኖች። ጋሼ እጮቹን ከፍተው አዩ። ያቺ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ነገር በባክቴሪያ ተሞልታ ነበር።

ባልሞቀው ስንዴ ውስጥ የጥቁሮቹ እንቁላል እንደነበረ ወዲያው አወቅሁ። ጋሼ ግን ወደኔ ዞረው ጠየቁኝ።

«የሰጠሃቸው የሞቀውን ስንዴ ነው?»

«አዎ ጋሼ» አልኩ።

አንድ ቃል ነበረች። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ብልቃጥ ሰብሬአለሁ፣ የቀን ቁጥር አዛብቻለሁ። ከዚያች ቃል የከበደ ግን የለም። ለምን እንዳልኩ መምህሬ ቢጠይቁኝ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ የአባቴ ቤት በኔ ደመወዝ ይኖር ነበር። ሁለተኛ፣ ጋሼን እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

እሳቸው የመሰላቸው ጥያቄያቸው የተመለሰ ነው። ወጥ ሠሪ ያልነበራቸው ነቀዞች ከውጭ፣ ምናልባትም ከስንዴው ገጽ፣ ባክቴሪያዋን መልሰው አስገቡ፤ እንግዲያውስ ጥንትም እንደዚያው ተገናኝተው ይሆናል ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ምሳ እየረሱ ጻፉ። «ይህ ከሆነ» ይሉኛል ብድግ ብለው፣ «ይህ ከሆነ አያሌው፣ መካነ ሰላም ላይ ነው የታየው።» እኔ በአዎንታ አንገቴን እነቀንቃለሁ። እት አረጋሽ በመስኮቱ በኩል ትጠርጋለች።

ጽሑፉ በጳጉሜ መጀመሪያ አለቀ። በክረምት መኪና ስለማይገባ ደብዳቤ በነጋዴ በቅሎ በከላላ በኩል ነው የሚሄደው። ጋሼ ለኅትመት የሚላከውን ጽሑፍ በፖስታ አሽገው ሰጡኝ፤ እኔ ደግሞ አቶ ሙሄ ለሚባሉ የጨው ነጋዴ አስረከብኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ እርሳስ ሲቀርጹ ገብቼ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ስንዴው አልሞቀም ነበር።»

ቢላዋቸውን አላቆሙም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብድሩን፣ የተመለሰውን፣ ወንፊቱን፣ ላምባውን። የእርሳሱ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፣ ሁለት ጊዜ ቀረጹት።

«አቶ ሙሄ የት ደርሰዋል?»

«ከላላ ሳይገቡ አይቀሩም። ለዓመት በዓሉ ገበያ ያድራሉ።»

«ድረስባቸው።»

ቆሎ ቋጥሬ ወጣሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። በመንገድ ላይ የተራቡ ሰዎች ወደ እኔ አቅጣጫ ይመጡ ነበር፤ ሰላም ስላቸው አንዳንዶቹ አፋቸውን ከፍተው ድምፅ አይወጣቸውም። ቆሎዬ ከላላ ሳልደርስ አለቀ፤ የበላሁት ግን ጥቂቱን ነው።

አቶ ሙሄ ጭነት ሲያራግፉ አገኘኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ጢማቸው በሂና የቀላ።

«ያን ፖስታ ይመልሱልኝ አቶ ሙሄ።»

«የተላከ ነገር ይመለሳል እንዴ? አንተ የቄስ ልጅ፣ እንግዳ ሸኝተህ ከመንገድ ትመልሳለህ?»

«ላኪው ናቸው መልሰህ አምጣ ያሉኝ።»

«አደራ ነው። አደራ ለላኪው ነው የሚመለሰው። ዶክተሩ ራሳቸው ይምጡ።»

«አይችሉም፣ ሥራ ይዘዋል። አቶ ሙሄ፣ ውስጡ ውሸት አለበት።»

በቅሎዋን ትተው ወደኔ ዞሩ። «የሳቸው ውሸት?»

«የኔ።»

ከኮርቻው ከረጢት ውስጥ ፖስታውን አወጡ። «አብሽር» አሉኝ። «ጨው ቢሆን ኖሮ አልሰጥህም ነበር። የሰው ውሸት ተሸክማ ግን በቅሎዬ ለምን ትድከም?» ከዚያ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝና እስክጨርስ ድረስ ቆመው ጠበቁ።

መካነ ሰላም ስመለስ የከተማው ሰው አንድ ሱቅ በር ላይ ሬዲዮ ከብቦ ቆሟል። ንጉሡ ወርደዋል ተባለ። አንዳንዱ አፉን ይዟል፣ አንዳንዱ ይስቃል። እኔ ፖስታውን በብብቴ ይዤ በመሃላቸው አለፍኩ። ጋሼ ሬዲዮውን ሰምተው እንደሆነ አላውቅም፤ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አገኘኸው?»

ሰጠኋቸው። ሳይከፍቱት መሳቢያ ውስጥ ከተው መዝገቡን አወጡና እርሳስ ሰጡኝ። «የሞቀ ስንዴ ተጨመረ» ብዬ በጻፍኩት ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። ከላዩ «ያልሞቀ፣ በብድር የተመለሰ የእርዳታ ስንዴ» ብዬ ጻፍኩ።

«የመጀመሪያውስ ስንዴ የት ሄደ?» አሉ ጋሼ።

«ተበላ።»

«ማን በላው?»

«እት አረጋሽና አምስት ልጆች። ዘጠኝ ቀን።»

«ታዲያ እሱስ አይጻፍም? ከዚህ ቤት የወጣ ስንዴ ሁሉ የት እንደገባ ይጻፋል።»

ጻፍኩ። ጋሼ አነበቡትና ወደ መስኮቱ ሄደው ቆሙ። የጠፋው የሦስት ዓመት ሥራቸው ነበር። ልሰናበት እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳይዞሩ «ማን ሊያሞቅልኝ ነው?» አሉ። የዚያኑ ሳምንት ላምባ ፈልገን አርባ ጥቁር ነቀዝ ወደ ሙቅ ሣጥኑ አስገባን።

በገባው አዲስ ዓመት የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ወደ ከተማው መጡ፤ የገበሬ ማኅበርም ተቋቋመ። አንድ ቀን የማኅበሩ ሊቀ መንበርና ሁለት ዘማች ተማሪዎች ሕዝብ አስከትለው ግቢያችን ገቡ። ሕዝብ ሲራብ ለተባይ እህል የሚያበላ ቤት አለ ተብሎ ተነግሯቸዋል። የቀረውን ሦስት ጆንያ ስንዴ ወስደው ጣቢያውን ሊዘጉ ነበር፤ ከተዘጋ ደግሞ ገና ቀይ መሆን የጀመሩት ነቀዞች በሳምንት ያልቃሉ። ጋሼ አልተከራከሩም። መዝገቡን አምጥተው ለአንደኛው ተማሪ ሰጡት።

ልጁ ገጹን ሲገልጥ፣ የተሰመረበትን መስመርና ከላዩ የተጻፈውን አገኘ። ጮክ ብሎ አነበበው፤ አረጋሽ የሚለውን ስም፣ አምስት ልጆች የሚለውን፣ ዘጠኝ ቀን የሚለውን። እት አረጋሽ ከሴቶቹ መሃል ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ወጣች።

«የበላሁት እኔ ነኝ» አለች። «ስርቆት ግን የለብኝም፤ መልሻለሁ። ዶክተሩ እዚህ ናቸው፣ ይጠየቁ።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ጋሼ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። በከተማው ውስጥ ያ የተመለሰ ስንዴ ምን እንዳደረገ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«አዎ» አሉ ጋሼ። «በቁልል ነው የመለሱት።»

ከሦስቱ ጆንያ ሁለቱን ወሰዱ፤ አንዱን ለነቀዞቹ ተዉልን፣ ጣቢያውንም አልዘጉትም።